ባለ ሚስማር ጎማ

ቅዳሜ ጠዋት ሙኒያ ሚኒባሷን አስነስታ ከግቢ ስታወጣ፣ መኪናዋ ረጅም ተረከዝ እንደተጫማች ሴት ኮብልስቶኑ ላይ ቋ ቋ ቋ እያለች ወጣች። መጀመሪያ ድምፁ ከጎረቤት የመጣ መስሏት ነበር። ፍሬን ይዛ አዳመጠች፤ ድምፁ ቆመ። እግሯን ስታነሳ ድምፁም አብሮ ተነሣ። ሞተሩን ሳታጠፋ ወርዳ መኪናዋን ዞረቻት። የፊቶቹ ጎማዎች ትናንት ትታቸው የገባችው ናቸው። የኋላዎቹ ግን ከየት እንደመጡ አይታወቅም፤ ጥርሳቸው ጥልቅ፣ ጎናቸው ላይ የተጻፈው የማን ቋንቋ እንደሆነ የማይለይ፣ በየጥርሳቸው ላይ ደግሞ ራሱ ብቻ ብቅ ያለ ትንንሽ የብረት ሚስማር የተተከለባቸው ናቸው። አንዱን በጣቷ ነካችው። ቆረቆራት።

«ኡሚ፣» አለች ወደ በረንዳው ዞራ፣ «ጎማዬን ማን እንደነቀለው ጠይቂልኝ።»

እናቷ መድና በረንዳው ላይ ሻይዋን ይዛ ተቀምጣለች። ከእሷ ክንድ በማይሞላ ርቀት ደግሞ የሙኒያ ታላቅ ወንድም ጦልሃ ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብሎ ጥርሱን ይፋቃል። ሁሉንም ሰምቷል። እናትየው ግን እንደ ልማዷ ወደ እሱ ዞር ብላ፣ ጎማዋን ማን ነቀለው ትልሃለች አለችው። ጦልሃ አፉን ተጉመጠመጠና ጎማዋ ሳይሆን ጎማችን እንደሆነ፣ ክረምት እንደገባ፣ ይህም አውሮፓ ውስጥ ሰዎች በረዶ ላይ የሚነዱበት የክረምት ጎማ እንደሆነ ንገሪልኝ አለ። መድና ነገረች። ሙኒያ ደግሞ ድሬዳዋ ውስጥ በረዶ ያለው ጭማቂ ቤት ብቻ እንደሆነ፣ ጭማቂ ቤት ውስጥ ደግሞ በመኪና እንደማይገባ በይው አለች። መድና ይህኛውን ስታደርስ አሳጠረችው፤ «ጥሩ ነው ግን ትንሽ ይጮሃል ትላለች» ብላ ሻይዋን ፉት አለች። ጦልሃ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ቤት ገባ። ሙኒያም በሩን ዘግታ፣ ቋ ቋ እያለች ሄደች።

ይህቺን ሚኒባስ ያወረሳቸው አባታቸው ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ ቀኑን ለሁለት ተካፍለውታል። ጠዋት የሙኒያ ነው፤ የፋብሪካ ሠራተኞችን ከገንደ ቆሬና ከዙሪያው ሰፈር እየለቀመች ኢንዱስትሪ ፓርክ ታደርሳለች። ከሰዓት የጦልሃ ነው፤ ከቀፊራ ገበያ ዳር ሰውና ጆንያ ጭኖ፣ የአሸዋ ወንዝ አቋርጦ ገጠር ዋሂል ይመላለሳል። እስከ ባለፈው ረመዳን ድረስ ቁልፉን እጅ በእጅ ይቀባበሉ፣ ሲቀባበሉም ይቀላለዱ ነበር። ረመዳን ላይ ጦልሃ መኪናዋን ሸጠን ሁለት ባጃጅ እንግዛ የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ። ሙኒያ አይሆንም አለች። እሱ ይህ የሴት ግትርነት ነው አለ፤ እሷ ይህ የሰነፍ ወንድ ዘዴ ነው አለች። ከዚያ ወዲያ በአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ፣ ከአንድ ትሪ እየቆረሱ፣ አንድ ቃል በቀጥታ አልተለዋወጡም። ቁልፉ የሚቀመጠው ፍሪጁ ላይ ነው። ቃሉ የሚያልፈው በእናታቸው በኩል ነው። መድናም ሥራውን ለምዳዋለች፤ የሚያቃጥለውን እያበረደች፣ የረዘመውን እየቆረጠች ታሻግራለች። ለጎረቤት ስታማርር ግን ወላሂ ከመንግሥት ስልክ ይልቅ እኔ ደከመኝ ትላለች።

ሌሊት ዘንቦ አስፋልቱ እርጥብ ነበር። የድሬ ሰው ደግሞ ዝናብ ሲጥል ደስ ይለዋል፤ አቧራው ተኝቶ፣ ሙቀቱ ቀለል ብሎ፣ ሻይ ሻጮቹ ሳይቀሩ የሚስቁ ይመስላሉ። ሙኒያ ጥጓን ስትዞር ፌርማታው ላይ የቆሙት የፋብሪካ ልጆች መኪናዋን ከማየታቸው በፊት ሰሟትና ወደ መንገዱ ዞሩ። ልብስ ስፌት ላይ የምትሠራው ስምረት እንደ ወትሮው ጋቢና ገባችና ቀበቶዋን እየሳበች፣ ምነው ዛሬ መኪናሽ ሠርግ ተጠርታለች ወይ ብላ ጠየቀቻት። ከኋላ አንዷ ድምፁን በእጇ ታጅበው ጀመር። ሌሎቹ ተከተሏት። መኪናዋ ስትፈጥን ጭብጨባው ይፈጥናል፤ ለጉድባ ስታዘገይ ጭብጨባውም ያዘግማል። ሙኒያ ተቆጥታ መንዳት ፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን አሥራ ምናምን ሴት ከኋላዋ እያጨበጨበ ፊት ማጥቆር ከባድ ነው፤ ሳትወድ በግድ ሳቀች። መንገድ ዳር ቡና የሚጠጡ ሽማግሌዎች ቀና ብለው አዩአቸው። አንድ ባጃጅ ነጂ ጎን ለጎን እየሄደ፣ እህቴ ሰንሰለት እየጎተትሽ ነው አላት።

ሳቁ የቆመው አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ነው። ከፊቷ የነበረ ባጃጅ ሰው ሊያነሳ ድንገት ቆመ። ሙኒያ ፍሬን ያዘች። የፊቱ ያዘ፤ የኋላው ግን እንደ ሳሙና ሆነ። የመኪናዋ ጀርባ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ሄደ፤ ሚስማሮቹ አስፋልቱን ሲፍቁት የሚሰማው ድምፅ ጥርስ የሚያፋጭ ነበር። ባጃጁን በአንድ ጋት አልፋ፣ የመንገዱን አካፋይ ልትነካ ስትል ቆመች። ስምረት መስኮቱን ይዛ ነበር፤ ለቀቀችውና እጇን የሙኒያ ክንድ ላይ አሳረፈች። ባጃጅ ነጂው ምን እንደተፈጠረ እንኳ ሳያውቅ ሰውየውን ጭኖ ሄደ። ሙኒያ የቀረውን መንገድ እንደ ጋሪ እየነዳች ሴቶቹን በር ላይ አወረደቻቸው። ስምረት ስትወርድ በዝግታ፣ ቀትር ላይ ልትመልሺን ስትመጪ በዚህ ጎማ አትምጪ አለቻት። የተናገረችው እንደ ጓደኛ ነው፤ ሙኒያን ግን ከማንኛውም ስድብ በላይ አሳፈራት።

ከዚያ በቀጥታ ጎማ ወደሚሠራላቸው ወደ ጋሽ ሣህሉ ነዳች፤ ጎሚስታ ቤቱ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ሥር ነው። ቤት ይባል እንጂ ግድግዳው የተቆለለ አሮጌ ጎማ ነው። መሐል ላይ የሚንቀጠቀጥ የአየር መሙያ፣ ቀዳዳ የሚፈለግበት በርሜል ግማሽ ውሃ፣ ለደንበኛ አንድ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር አለ። ጋሽ ሣህሉ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፤ አባታቸውን ያውቀው ስለነበር ሙኒያን ልጄ ይላታል። ከሩቅ ድምፁን ሰምቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ሙኒያ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣ እነዚህን የሸጥክለት አንተ ነህ ወይ አለችው። እሱም አልካደም። ከጅቡቲ በኩል ከመጣ ልባሽ ጎማ ውስጥ የወጡ ናቸው፤ እኔም ሳያቸው ገርሞኝ ለጌጥ ልሰቅላቸው ነበር፣ ወንድምሽ ግን አይቶ ሙጭጭ አለ አላት።

ከዚያ እጇን ይዞ ወደ ጓዳ ወሰዳትና ሌላ ሁለት ጎማ አሳያት። እነዚያም ከዚያው ከቀዝቃዛው አገር የመጡ ናቸው፤ ጥርሳቸው ያው፣ ላስቲካቸው ያው፤ ሚስማር ብቻ የላቸውም። በአውራ ጣቷ ስትጫነው እንደ በሰለ ማንጎ ሰረጎድ አለላት። ጋሽ ሣህሉ እዚያ በረዶ ባለበት አገር ያሉ ሰዎችም ክረምት በመጣ ቁጥር ባለ ሚስማር ይሻላል ሚስማር የሌለው ይሻላል እያሉ እንደሚከራከሩ ነገራት። ሚስማሩ የሚረዳው ውሃ ረግቶ መስታወት ሲሆን ነው፤ የእኛ አገር ውሃ ደግሞ አይረጋም፣ ወይ ይሄዳል ወይ ይዞሽ ይሄዳል ብሎ ሳቀ። አስፋልት ላይ ሚስማሩ እንደ ስኬቲንግ ጫማ ያንሸራትታል። ጭቃ ላይ የሚነክሰው ጥርሱ እንጂ ሚስማሩ አይደለም።

«እንግዲህ ቀይረው፣» አለች ሙኒያ። «ይኸኛውን ግጠምልኝ፣ ያንን መልሰህ ውሰደው። ልዩነት ካለው እከፍላለሁ።»

ጋሽ ሣህሉ ክሪኩን አምጥቶ ከመኪናዋ ሥር አስገባ። ሁለት ጊዜ ካነሳ በኋላ ግን ቆመ። ተንበርክኮ እንዳለ ቀና ብሎ አያትና፣ ለምን እንደገዛው ነግሮሻል ብሎ ጠየቃት። ሙኒያ እኔና እሱ አንነጋገርም አለች። ይህን ድሬ በሙሉ ያውቃል አለ ጋሽ ሣህሉ፤ ክሪኩን ለቆ ዛፉ ሥር ተቀመጠና ነገራት።

ማክሰኞ ዕለት ጦልሃ እዚህ የመጣው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ነው። ነጩ ወንበር ላይ ተቀምጦ የቀረበለትን ሻይ ሳይነካው አቀዘቀዘው። ከዋሂል ሲመለስ የጫነው ታናሽ እህታቸውን ናሲሞን ነበር፤ ምጥ ይዟት ወደ ድሬ ሆስፒታል እያመጣት። ወንዙ መሐል መኪናው ሰጠመ። ወደፊት ቢል አልሆነ፣ ወደኋላ ቢል አልሆነ። ናሲሞ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ስሙን እየጠራች ትጮህ ነበር። በመጨረሻ የአካባቢው ወንዶች በፎጣና በእንጨት ቃሬዛ ሠርተው ወደ ዋሂል ጤና ጣቢያ መልሰው ተሸከሟት፤ እሱ ከኋላ ጫማዋን ይዞ ሮጠ። እሷም በሰላም ተገላገለች፤ መኪናዋንም ሰዎቹ በኋላ ገፍተው አወጡለት። ቤት ሲደርስ ግን ለእናቱ፣ ምጡ ዋሂል ውስጥ ያዛት፣ እዚያው ወለደች ብሎ አሳጥሮ ነገራት፤ ሙኒያም የሰማችው ይህንኑ ነው። ጋሽ ሣህሉን ያለው፣ የማይሰጥም ጎማ ስጠኝ ነው። የማይሰጥም ጎማ የለም ቢለው ግድግዳውን አንድ በአንድ እያየ መጥቶ ሚስማሮቹን ሲያይ፣ በረዶን የሚይዝ ጭቃን አይፈራም ብሎ አቀፋቸው፤ ገንዘቡን አሟልቶ ያስገጠማቸው ግን ትናንት ነው።

ሙኒያ የመኪናውን ጎን ተደግፋ ቆመች። ጦልሃ ጫማ ይዞ ሲሮጥ ታያት። ያ ወፍራም፣ ከቀበቶው ወጥቶ በሚንጠለጠል ሆዱ ዋሂል ድረስ የሚቀለድበት ሰው፣ የእህቱን ጫማ ደረቱ ላይ ይዞ። ዓይኗ ሞላ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቋ መጣ፤ ሁለቱ ተያይዘው ወጡ። ፊቷን በሻሿ ጠርጋ፣ ክሪኩን አውጣው አለችው። ጋሽ ሣህሉ ምን ሐሳብሽን ቀየረው አላት። እሱ ሳላውቅ ቀየረ፤ እኔም ሳያውቅ ከቀየርኩበት እኔም እሱን ሆንኩ አለች። ጋሽ ሣህሉ በሐሳቧ ተደሰተ። ሚስማሩ በፒንሳ እንደሚነቀል፣ ከተነቀለም ጎማው ያው እንደዚያኛው እንደሚሆን ነግሯት፣ ፒንሳና የእግር ፓምፕ በውሰት ጨመረላት።

ቀትር ላይ አስፋልቱ ደርቆ ነበር። ቅዳሜ ሥራው ግማሽ ቀን ነውና ሠራተኞቹን በዝግታ፣ ከባጃጆቹ ሁሉ ኋላ እየተጎተተች መለሰቻቸው። ስምረት ጎንበስ ብላ ጎማውን አየችው፤ ሙኒያም ሰኞ አይኖርም ብላ ቃል ገባችላት። ከዚያ በቀፊራ በኩል አልፋ ከሰዓት ሁሉም ለሚሄዱበት ለናሲሞ አራስ ጥየቃ ቴምርና የአገር ቅቤ ያዘች፤ ሻጯ ዐስሊ ለአራስ ነው ስትባል መመዘኛውን ጫን አድርጋ፣ ከላይ ሎሚ መረቀችላት። ቤት ስትደርስ መድና አዲስ ድሪያዋን ለብሳ፣ የአብሽ ድስቷን በጨርቅ ጠቅልላ በር ላይ ቆማለች። ጦልሃ ነጭ ሸሚዝ ተኩሶ ለብሷል። ሙኒያ ቁልፉን ፍሪጁ ላይ ለማስቀመጥ ወደ ውስጥ እየገባች፣ በሩ ላይ ከእሱ ጋር ተገጣጠሙ። ልትናገር ነበር። ከብዙ ዝምታ በኋላ ግን የመጀመሪያው ቃል ትልቅ ድንጋይ ነው፤ ማን ያነሳዋል። ቁልፉን በእጁ ሰጠችው። እሱ እጁን አየ፣ ቁልፉን አየ፣ ሄዶ መኪናዋን አስነሳ።

መድና ድስቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ከኋላ ብቻዬን ካልተቀመጥኩ አለች፤ ስለዚህ ሙኒያ ጋቢና ገባች። ከከተማ ሲወጡ ስለ ሕፃኗ የሚያወራው አንድ ሰው ብቻ ነው። መድና ሕፃኗ የአባቷን እናት ስም ይዛ ሃሊሞ መባሏን፣ ፀጉሯ ብዙ መሆኑን፣ ናሲሞ በስልክ ስታለቅስ እሷም አብራ ማልቀሷን ደጋግማ ተረከች። አንዱ ሲስቅ ሌላው በመስኮት ያያል፤ ሌላው ሲስቅ ያኛው መንገድ ያያል። ጠጠሩ መንገድ ላይ የሚስማሩ ድምፅ ጠፋ። ቁልቋሉና ግራሩ በሌሊቱ ዝናብ ታጥቦ አረንጓዴው ዓይን ይወጋል። በስተደቡብ ተራራው ላይ ግን ሰማዩ እንደ ምጣድ ጠቁሯል።

ወንዙ ጋ ደረሱ። ውሃ አይታይበትም፤ ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው፣ እርጥብ፣ መሐል መሐሉ ላይ ቡናማ ጭቃ ያለበት። ጦልሃ ቆም ብሎ ወደ ላይ ወደ ተራራው አየ። ከዚያ ከንፈሩን ነክሶ፣ በአዲሱ ጎማ ተማምኖ፣ በፍጥነት ገባ። ግማሽ ድረስ በደንብ ሄዱ። ግማሹ ላይ ጀርባዋ ዝቅ አለ። ጋዝ ሲጨምር ሚስማሮቹ አሸዋውን እንደ አይጥ መቆፈር ያዙ፤ ጭቃው ወደ ኋላ መስኮት ተረጨ። ደግሞ ጨመረ። መኪናዋ ሌላ ስንዝር ወረደች። ፊቱ ላይ ላብ ወጣ። ሙኒያ ፊቱን አየችው፣ በሐሳቡ ማክሰኞ ዕለት ላይ እንዳለም ገባት።

«ጋዙን ልቀቅ፣» አለች።

«ጋዙን ልቀቅ ትልሃ...» ብላ መድና ከኋላ ጀመረችና ራሷ ደንግጣ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ጦልሃ ጋዙን ለቀቀ። ወደ ሙኒያ ዞሮ አያት። ሙኒያ አንዴ የተነሣ ድንጋይ ሳይወድቅባት ፈጥና፣ ጎማውን እናስተንፍሰው፣ ሲላላ አሸዋው ላይ ይተኛል፣ አባ እንዲህ ያደርግ ነበር አለችው። እሱም ረስቼው አለ። ሁለቱም በየበራቸው ወረዱ። ከማዶ ዳር ግመል የሚነዳ አንድ ሰውዬ በኦሮምኛ ከላይ እየዘነበ ነው፣ ውሃ ይመጣል እያለ በበትሩ ወደ ተራራው ያሳያቸዋል። መድና ድስቷን ታቅፋ፣ ድሪያዋን ሰብስባ፣ ልጆቼ ፍጠኑ እያለች በእግሯ ወደ ማዶ ሄደች። ሙኒያ በግራ፣ ጦልሃ በቀኝ ተንበርክከው በጠጠር የአየር መግቢያውን ተጫኑት። ጎማዎቹ ተነፈሱ። ሆዳቸው አሸዋው ላይ ተዘረረ። ጦልሃ ከኋላ ዞሮ ትከሻውን አስደግፎ፣ «አንቺ ያዢው» አላት። ሙኒያ መሪውን ያዘች፤ በሁለተኛ ማርሽ፣ ጋዙን በጣም ቀስ አድርጋ፣ የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ እንደምትጠነቀቅ ሆና ነካችው። መኪናዋ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ እንደ ግመል በፊት እግሯም በኋላ እግሯም እየታገለች ተነሣች። ጦልሃ እየገፋ፣ እየወደቀ፣ እየተነሣ፣ ማዶ ዳር እስኪደርሱ ተከተላት። የተተኮሰው ሸሚዙ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነጭ የሚባል ነገር አልቀረበትም። ግመለኛው ሳቀ። መድናም ሳቀች። ጦልሃ ራሱን ዝቅ ብሎ አየና እሱም ሳቀ።

ግራሩ ሥር ቆመው ጎማውን ሊነፉ ሲዘጋጁ ውሃው መጣ። መጀመሪያ ነፋስ መሰለ፤ ከዚያ ቡናማ ምላስ አሸዋውን እየላሰ ወረደና ቅጠልና እንጨት ተሸክሞ አለፈ፤ መኪናዋ የቆመችበት ቦታ የት እንደነበር ጠፋ። ከጉልበት የሚበልጥ አይመስልም፤ ግን መኪና ለመውሰድ ጉልበትም ይበቃል። መድና አልሐምዱሊላህ ብላ፣ ውዱዕ አድርጋ፣ ከእነሱ ራቅ ብላ ምንጣፏን ዘርግታ ለሶላት ቆመች። ጦልሃ የኋላው ጎማ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሙኒያ ከፓምፑ ጋር ያወጣችውን ፒንሳ አነሳና ሳይጠየቅ የመጀመሪያውን ሚስማር ነቀለ። ትንሽ ነው፤ የሕፃን ጥርስ ያክላል። ከዚያ ሁለተኛውን። ሙኒያ በሌላው በኩል ፓምፑን ትረግጣለች። ሲደክማት ይለዋወጣሉ፤ እሷ ትነቅላለች፣ እሱ ይረግጣል።

ጋሽ ሣህሉ ጋ ሄጄ ነበር አለች ሙኒያ፣ ዓይኗን ከጎማው ሳታነሳ። ስለ ማክሰኞው ነገረኝ። የጦልሃ እግር ፓምፑ ላይ ቆመ። ውሃው ከታች ይጮሃል። ከዚያ ቀስ እያለ ነገራት፤ ናሲሞ የእሱን ስም ስትጠራ፣ እሱ ደግሞ በውስጡ የሙኒያን ስም ሲጠራ እንደነበር። ሙኒያ ብትኖር ይህን መኪና ታወጣዋለች እያልኩ ነበር አለ። ሙኒያ ፒንሳውን አስቀመጠችው።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«በማን በኩል?» አላት ጦልሃ።

እውነት ነው፤ በመካከላቸው ያለችው አንዲት መንገድ እናታቸው ናት፤ ይህ ደግሞ በዚያች መንገድ ሊያልፍ የማይችል ነገር ነበር። ሙኒያ ፒንሳውን መልሳ አንስታ አንድ ሚስማር ነቀለች። ቀጥሎ ጦልሃ መኪናዋን መሸጥ ያልኩት ባይሆን ይሻል ነበር አለ። ሙኒያም ሰነፍ ያልኩህ ባይሆን ይሻል ነበር፤ ሆዳም ብልህ ግን ይበቃ ነበር አለችው። አቦ፣ አንቺ አትሻሻይም አለ ጦልሃ፤ ፓምፑንም በኃይል መርገጥ ጀመረ። መድና ሶላቷን በሰላምታ ጨርሳ ዞር ስትል ሁለቱ ልጆቿ ባለ ጭቃ ግንባራቸውን አንድ ጎማ ላይ ደፍተው ሲከራከሩ አየች፤ ምንጣፏን ለማጠፍ አልቸኮለችም።

ናሲሞ ቤት ደስታው ከደጅ ጀመረ። ጎረቤቶች እልልታውን ያዙት፤ አንዷ ሴትዮ ጦልሃን ስታይ፣ ባለ ጫማው መጣ ብላ ጮኸች፤ ሁሉም ሳቀ። ጦልሃ እናቱን በስጋት አያት። መድና ግን ድስቷን እያወረደች፣ ናሲሞ የዚያኑ ዕለት ደውላ ነግራኛለች፤ እንዳትደነግጡ ብዬ ዝም አልኩ አለች። ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ። ናሲሞ አልጋው ላይ ሆና፣ አይ ቤተሰብ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሃሊሞን አንስታ ለወንድሟ ልትሰጥ ስትል ጭቃውን አይታ ለሙኒያ ሰጠቻት። ልጅቷ እውነትም ፀጉሯ ብዙ ነው። ጦልሃ ከሙኒያ ትከሻ በላይ አንገቱን አስግጎ አያት፤ ሃሊሞ አስነጠሰች፤ እሱ ደንግጦ ወደ ኋላ ሲል ወንበሩን ጣለው። ሐልዋ ቀረበ፣ ሻይ በወተት ቀረበ፤ የባልየው ሰዎች መንገድ ላይ እንዳይመሽባችሁ እያሉ ያጣድፋሉ፣ እየያዙ ደግሞ ያስቀምጣሉ።

ሲመለሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷት፣ ወንዙ ጎድሎ ነበር። ጎማውን እንደገና አስተንፍሰው፣ ጦልሃ ከዳር ወርዶ አሸዋውን በእግሩ ፈትኖ፣ በዚህ በኩል እያለ መራት፤ ሙኒያ ነዳች፤ ሚስማራቸው የተነቀለው የላሉት ጎማዎች ሳይናገሩ አለፉ። ማዶ ደግሞ ነፉት። ከዚያ ወደ ከተማ ሲቃረቡ ክርክሩ ተነሣ። ጦልሃ የፊቶቹንም ሰኞውኑ ጋሽ ሣህሉ ጓዳ ባለው ሚስማር በሌለው እንቀይር ይላል። ሙኒያ የፊቶቹ ገና ናቸው፣ ክረምቱ ይለፍ ትላለች። እሱ ዋሂል የሚሄደው እኔ ነኝ አለ፤ እሷ አስፋልት ላይ አሥራ ምናምን ሴት የምይዘው እኔ ነኝ አለች። እሱ ስለ ዝናብ ተናገረ፤ እሷ ስለ ላስቲክ ተናገረች። ያለፉት ወራት ክርክር ሁሉ ተጠራቅሞ የወጣ ይመስል አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይጀምራል። መድና ከኋላ ወንበር ላይ ባዶ ድስቷን ታቅፋ፣ አንድም ቃል ለማሻገር ሳትጠየቅ ቆየች። ከዚያ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አሳረፈች፣ ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳበች፣ ከረመዳን ወዲህ ተኝታው የማታውቀውን ዓይነት እንቅልፍ ተኛች።

«ቀስ በይ፣ ኡሚ ተኝታለች፣» አለ ጦልሃ።

ሙኒያ በመስታወቱ አየቻት። አፏ ትንሽ ተከፍቷል።

«የምትጮኸው አንተ ነህ፣» አለች ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «ተዋት፣ እንዲህ ስንጯጯህ ነው የምትተኛው። እና ስለ ፊቱ ጎማ ምን እያልክ ነበር?»